ኮርስ የማቋረጫው ቀን የት ላይ ይዋል?

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በጎጃም ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። የአካዳሚክ ደንባችን በመሻሻል ላይ በመሆኑ፣ ተማሪዎች የተመዘገቡበትን ኮርስ ኤፍ (የወደቀ ውጤት) ሳይመዘገብባቸው ማቋረጥ የሚችሉበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንዲሆን የውሳኔ ሐሳብ አቅርቡ ተብለናል። አንጋፋ ባልደረቦቼ 4ኛው ሳምንት ይበቃል ይላሉ፤ ወጣት መምህራኑና የተማሪ ተወካዮቹ ደግሞ እስከ ፋይናል ፈተና ዋዜማ ክፍት ይሁን ባይ ናቸው። ሬጅስትራሩ በበኩሉ የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ብቻ ካላንደሩ ላይ የምጽፈው አንድ ቀን ስጡኝ ብሏል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላም ነገር ነው። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት የ2ኛ ዓመት ተማሪ በ13ኛው ሳምንት የድሮፕ (ኮርስ ማቋረጫ) ቅጽ ይዛ መጣች። ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ሞጣ አካባቢ ሄዳ መንገድ ስለተዘጋባት ከሁለት ሳምንት በላይ ከትምህርት ቀርታ ነበር። ቀኑ አልፏል ብዬ አልፈረምሁላትም፤ ኤፍ ተመዘገበባት። ደንቡን አክብሬያለሁ፤ ነገር ግን የውሳኔ ሐሳቡን ለመጻፍ በተቀመጥሁ ቁጥር እርሷ ትታወሰኛለች። ምን ይመክሩኛል?

የትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ከጎጃም

መልስ፦

ውድ መምህር፤

የጻፉልኝ ጉዳይ ሁለት ነው፤ አንዱ ወደፊት ስለሚጸድቀው ደንብ፣ ሌላው አሁን ትራንስክሪፕቷ ላይ ኤፍ ስላለባት ልጅ። የመጀመሪያው ለሁለተኛውም መንገድ ስለሚያመላክት ከእርሱ ልጀምር።

በትምህርት ክፍልዎ ያሉት ሦስቱም ወገኖች የሚከራከሩት በሳምንት ቁጥር ላይ ነው። በእኔ እምነት የሳምንቱ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። አስቀድሞ መወሰን ያለበት ተማሪው ክብደት ያለውን የመጀመሪያ ውጤቱን በእጁ የሚይዘው መቼ ነው የሚለው ሲሆን፣ የማቋረጫው ቀንም ከዚያ በኋላ፣ ነገር ግን ከዚያ ብዙ ሳይርቅ መዋል አለበት። ስለዚህ ደንቡ ተማሪውን በቀን ከማሰሩ በፊት መምህሩን በቀን ማሰር ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ 4ኛውንም ሳምንት ይምረጡ 12ኛውን፣ ተማሪው የሚወስነው በግምት ነው።

ይህን የምልበትን ምክንያት ለመረዳት ተማሪ ኮርስ የሚተውባቸውን ሁለት ጊዜያት መለየት ይጠቅማል። በሴሚስተሩ መክፈቻ ላይ አድ ኤንድ ድሮፕ የምንለው አጭር ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ የተሰረዘ ኮርስ እንዳልተመዘገበ ስለሚቆጠር ትራንስክሪፕት ላይ ምልክት አይተውም። ይህ የምርጫ ጊዜ ነው፤ ሰዓት ተጋጨ፣ ቅድመ ሁኔታ የሆነው ኮርስ አልተሟላም፣ በስህተት ተመዘገብሁ ለሚል ተማሪ የተሰጠ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማቋረጥ ጊዜ ግን የማዳኛ ጊዜ ነው፤ ኮርሱን የጀመረ፣ የሞከረና እንደማይዘልቀው ያወቀ ተማሪ የማቋረጡ ምልክት ትራንስክሪፕቱ ላይ እየቀረ፣ ነገር ግን ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) ሳይነካ የሚወጣበት ነው። 4ኛው ሳምንት ይበቃል የሚሉት አንጋፋ ባልደረቦችዎ፣ ሳያስቡት ይመስለኛል፣ ሁለተኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር እያዋሃዱት ነው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነና ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ) ፈተናው በ8ኛው ሳምንት አካባቢ የሚሰጥ ከሆነ፣ በ4ኛው ሳምንት ተማሪው ስለ ራሱ የሚያውቀው ምንድን ነው? ምናልባት ከ5 የታረመች አንዲት ኩዊዝ፣ ምናልባትም ከዓመት ዓመት ስለ መምህሩ የሚወራውን ወሬ። በዚያ ቀን የሚያቋርጠው የፈራው ነው፤ የሚቀረውም ተስፋ ያደረገው ነው። ሁለቱም ስለ ችሎታቸው መረጃ የላቸውም።

ጉዳዩ ለተማሪው ምን ያህል እንደሚከብድ የውሳኔ ሐሳብዎን ለሚያየው የአካዳሚክ ኮሚሽን በቁጥር ቢያሳዩት ይሻላል። አንድ ተማሪ በሴሚስተሩ አምስት ኮርስ ወስዷል እንበል፤ አራቱ ባለ 3 ክሬዲት፣ አንዱ ባለ 4 ክሬዲት ነው። በአራቱ ሲ ፕላስ፣ ማለትም 2.5 ቢያገኝ 30 ነጥብ ይሰበስባል። በአምስተኛው ኤፍ ቢያገኝ 30 ለ16 ይካፈልና የሴሚስተሩ ውጤት 1.88 ገደማ ይሆናል፤ ከ2.00 በታች ስለሆነም ዋርኒንግ (የአካዳሚክ ማስጠንቀቂያ) ደጁ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ያንኑ ኮርስ በጊዜው አቋርጦ ቢሆን ኖሮ 30 ለ12 ተካፍሎ 2.50 ይሆንለት ነበር። አንድ ኮርስ፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ ፊርማ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል። ያም ሆኖ ዝቅተኛው የሴሚስተር ጭነት 12 ክሬዲት ከሆነ ይህ ተማሪ ሁለተኛ ኮርስ ማቋረጥ አይችልምና፣ አማካሪ መምህሩ ከመፈረሙ በፊት ይህንንም መቁጠር አለበት።

እስከ ፋይናል ዋዜማ ክፍት ይሁን የሚሉት ወጣቶች ሐሳባቸው ለተማሪ ከማዘን የመነጨ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን በ15ኛው ሳምንት ማቋረጥ ለተማሪው የሚሰጠው ከኤፍ መዳንን ብቻ ነው። የማቋረጥ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከዚያ አይደለም፤ ተማሪው ከከበደው ኮርስ ላይ ያነሣውን ሰዓት በቀሩት ኮርሶች ላይ ማዋሉ ነው። ስድስት ሳምንት ሲቀረው ያቋረጠ ተማሪ ስድስት ሳምንት አተረፈ፤ ፋይናሉ ነገ ሲሆን ያቋረጠ ግን ምንም አላተረፈም፤ እንዲያውም ሊያልፍ በማይችልበት ኮርስ ሲደክም ሌሎቹን አራቱን አዳክሟል። በዚያ ላይ የቡድን ፕሮጀክትና የላቦራቶሪ ሥራ ባለበት ኮርስ ከአምስት የቡድን አባላት ሁለቱ በመጨረሻው ሳምንት ቢወጡ ሸክሙ በቀሩት ሦስቱ ላይ ይወድቃል። ውጤቱ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው የሚተው ኮርስ ካለ፣ ኤፍ የሚባለው ውጤት ያልተጠነቀቁ ተማሪዎች ብቻ የሚያገኙት ይሆናል፤ ጠንቃቃው፣ ወይም ብልጡ፣ ሁልጊዜ ዋዜማው ላይ ይወጣል። የተማሪ ተወካዮቹ ይህን ሲሰሙ ደስ እንደማይላቸው አውቃለሁ፤ ሆኖም የሚወክሉት ዋዜማው ላይ የሚወጣውን ብቻ ሳይሆን ፕሮጀክቱን ይዞ የቀረውንም ተማሪ እንደሆነ ቢያስታውሷቸው ሊያዳምጡዎት ይችላሉ።

በስብሰባው ላይ አንድ ሰው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ካላንደር አትሞ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ ሴሚስተሩ 60 በመቶ እስኪደርስ ነው የሚፈቀደው ብሎም ይከራከራል። እዚያ ይህች 60 በመቶ የምትባል ነጥብ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ትርጉም አላት፤ ከፌደራል መንግሥቱ የትምህርት ዕርዳታ የወሰደ ተማሪ ከዚያ ነጥብ በፊት ሁሉንም ኮርስ ትቶ ቢወጣ የዕርዳታው ከፊል ገና እንዳልተገባው ተቆጥሮ ይመለሳል። የእኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በወጪ መጋራት ውል የሚማርና ዕዳውን ከተመረቀ በኋላ የሚከፍል ስለሆነ ያ ነጥብ ለእርሱ ምንም አይለውጥም። ቁጥሩ ለእኛም ሊስማማ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የራሳችንን ምክንያት ይዞ መምጣት አለበት።

የራሳችን ምክንያቶች ደግሞ ብዙዎች ናቸው፤ ዋነኛው ኮርሶቻችን የሚሰጡበት አሠራር ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ በአብዛኛው ከሴክሽኑ ጋር ተያይዞ ይጓዛል፤ የ2ኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር ኮርስ በሁለተኛው ሴሚስተር ተመልሶ አይሰጥም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ባች መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ በ10ኛው ሳምንት በሰላም ያቋረጠ ተማሪ ያቋረጠው አንድ ኮርስ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ኮርስ ላይ የተንጠለጠሉት ሁሉ አብረው ይዘገያሉ። ስታትስቲክስ አንድን ያቋረጠ ስታትስቲክስ ሁለትን አይወስድም፤ ያንን ሳይወስድ ደግሞ የምርምር ዘዴ የሚባለው ኮርስ ሊዘጋበት ይችላል፤ የምረቃ ጽሑፉም ይገፋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ለጋራ ኮርሶች ስለተመደበ የትምህርት ክፍሉ የኮርሶች ሰንሰለት በቀሩት ዓመታት ውስጥ ተጨናንቋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ስለሚያስፈልግ፣ ኮርስ የቀረበት ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ለፈተናው መቀመጡ አጠራጣሪ ይሆናል። በእነዚህ ምክንያቶች አንዳንድ ጊዜ ዲ ይዞ ማለፍ ከማቋረጥ የሚሻልበት ሁኔታ አለ፤ ይህን የሚያውቀው ግን የትምህርት ክፍሉ እንጂ ተማሪው አይደለም።

ስለዚህ በደንቡ ውስጥ ከቀኑ እኩል ትኩረት የሚሻው ቅጹ ነው። አሁን በብዙ ቦታ ያለው ቅጽ የተማሪውን ስም፣ የኮርሱን ቁጥርና ሦስት ፊርማዎችን ብቻ የሚጠይቅ ነው። ሁለት መስመር ያስጨምሩበት። አንደኛው ይህ ኮርስ እንደገና የሚሰጠው በየትኛው ዓመትና ሴሚስተር ነው የሚል፣ ሁለተኛው ይህን ኮርስ ሳይጨርስ ተማሪው የማይወስዳቸው ኮርሶች የትኞቹ ናቸው የሚል ይሁን። መስመሮቹን የሚሞላው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ማለትም እርስዎ ነዎት፤ ተማሪው ደግሞ አንብቤ ተረድቻለሁ ብሎ ከሥራቸው ይፈርማል። ይህን ሳያነቡ የፈረሙና ከዓመት በኋላ ለምን አልተነገረኝም ብለው የሚያለቅሱ ተማሪዎች እንዳሉ እርስዎም ሳያዩ አልቀሩም። የቤተሰቡም ነገር አለ። ከቢቸና ወይም ከደብረ ኤልያስ ጤፍ ሸጦ ልጁን የሚደግፍ አባት ልጅህ ኮርስ አቋረጠ ቢባል የሚሰማው ትምህርቱን ጥሎ ወጣ ተብሎ ነው። ተማሪዎች ማቋረጥን እንደ ነውር ደብቀው ቀኑ እስኪያልፍ የሚቆዩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነውና፣ አማካሪ መምህሩ አንድ ኮርስ መተውና ዩኒቨርሲቲ ለቆ መውጣት የተለያዩ መሆናቸውን አስረድቶ መናገር ይጠበቅበታል።

አሁን ወደ መምህሩ ግዴታ ልመለስ። እኔ የውሳኔ ሐሳቡን የምጽፍ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ማንኛውም መምህር እስከ 8ኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ ከ100 ነጥብ ቢያንስ 30ውን ፈትኖ፣ አርሞ፣ ወረቀቱን ለተማሪው መልሶ እንዲያሳይ ይገደዳል፤ የማቋረጫው ጊዜም በ10ኛው ሳምንት ዓርብ በሥራ ሰዓት መጨረሻ ይዘጋል። በመካከሉ ያሉት ሁለት ሳምንታት ተማሪው ውጤቱን አይቶ፣ መምህሩን ጠይቆ፣ ከአማካሪው ጋር መክሮ የሚወስንባቸው ናቸው። ቀሪዎቹ ስድስት ሳምንታት ደግሞ ላቋረጠው ለሌሎቹ ኮርሶች፣ ላላቋረጠውም ለመነሣት ይበቃሉ። መምህሩ ውጤቱን ካዘገየ የዚያ ኮርስ ተማሪዎች ቀን ውጤቱ ከተለጠፈበት ዕለት ጀምሮ አምስት የሥራ ቀናት ይራዘምላቸዋል፤ ይህ ግን ከ13ኛው ሳምንት ማለፍ የለበትም። የመምህሩ መዘግየት የመምህሩ ጣጣ እንጂ የተማሪው ኤፍ መሆን የለበትም።

በዚህ አንቀጽ ላይ ከባልደረቦችዎ ጠንካራ ተቃውሞ ይጠብቁ። በአንድ ሴክሽን 60 ተማሪ፣ በአንድ መምህር ሦስት ኮርስ እያለ እንዴት ይሆናል ይላሉ፤ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን እኛ የምንኖርበት አገር ዋሸራንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ያሉበት ነው፤ እዚያ ተማሪው የቆጠረውን፣ ማለትም ራሱ ያዘጋጀውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፣ እርሳቸውም የሳተውን ቃል እዚያው ያርሙታል፤ ስለዚህ የደረሰበትን ሳያውቅ ወራት የሚያሳልፍ ተማሪ የለም። ዩኒቨርሲቲው በየዕለቱ ይህን ማድረግ አይችልም፤ በሴሚስተር አንድ ጊዜ፣ በጊዜው፣ ይቻለዋል። የታረመ የሚድ ወረቀት እስከ ፋይናል ዋዜማ በመሳቢያ ውስጥ መቆየቱን ግን የተማሪ ብዛት ብቻውን አያስረዳውም።

ሬጅስትራሩ የጠየቀው አንድ ቀን ለሥራው ምቹ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በእኛ አካባቢ ግን አደገኛ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የትምህርት መጀመሪያም ሲገፋ አይተናል። ካላንደሩ በክረምት ታትሞ ትምህርት ጥቅምት 3 ይጀመራል፣ ማቋረጫውም ታኅሣሥ 10 ይዘጋል ብሎ ቢያውጅና ትምህርቱ ግን በሦስት ሳምንት ዘግይቶ ጥቅምት 24 ቢጀመር፣ ታኅሣሥ 10 የሚውለው በ7ኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ተማሪው ሚድ ሳይፈተን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡ ላይ ቀን አይጻፍ፤ ትምህርት የተሰጠባቸው ሳምንታት ይጻፉ፤ ትምህርት የተቋረጠባቸው ቀናትም አይቆጠሩ። ሬጅስትራሩ ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ቀኑን አስልቶ ይለጥፍ፤ ሴኔቱ ካላንደሩን ባሻሻለ ቁጥርም አዲሱን ቀን በዚያው ሳምንት ያውጣ። አንድ ሌላ ጥንቃቄም አለ። ከላይ በሰጠሁት ምሳሌ 10ኛው ሳምንት ዓርብ ሲሰላ ጥር 1 ይሆናል፤ ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን። በዚያ ሳምንት ግቢ ውስጥ የሚገኘው ተማሪ ምን ያህል እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ስለዚህ የመዝጊያው ዕለት በገና፣ በጥምቀት ወይም በፋሲካ ሳምንት ላይ ከወደቀ ወደሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይተላለፍ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያክሉበት።

አቀራረቡም ከሁኔታው ጋር መሄድ አለበት። ማመልከቻ በኦንላይን ብቻ ይቀርባል የሚል ደንብ ኔትወርክ በሌለበት ሳምንት የማይሠራ ደንብ ነው። የወረቀት ቅጽ በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ሁልጊዜ ይኑር፤ የሚቆጠረውም ጸሐፊዋ ተቀብላ የፈረመችበት ዕለት እንጂ መረጃው ሲስተም ውስጥ የገባበት ዕለት አይሁን። ከግቢ ውጭ ሆኖ መመለስ ያልቻለ ተማሪ ደግሞ ለአማካሪው ወይም ለትምህርት ክፍሉ በስልክ አሳውቆ፣ ወይም በክፍል ተጠሪው በኩል አመልክቶ፣ ሲመለስ በሦስት ቀን ውስጥ ቅጹን እንዲፈርም ይፈቀድለት። የሞጣዋ ተማሪ ጉዳይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ ቢኖር ኖሮ በ13ኛው ሳምንት እርስዎ ፊት ባልቆመች ነበር፤ ስልኩ በሠራበት ቀን ጉዳይዋ ይመዘገብላት ነበር።

ስልኩም ያልሠራ እንደሆነ፣ ወይም ችግሩ የመጣው በሩ ከተዘጋ በኋላ እንደሆነ፣ ልዩ ሁኔታ የሚታይበት መንገድ ያስፈልጋል። ሕመም፣ ወሊድ፣ የቅርብ ቤተሰብ ሞት፣ የመንገድ መዘጋትና የጸጥታ ችግር በስም ይዘርዘሩ። ውሳኔውን ግን ለአንድ ሰው አይስጡ፤ ለእርስዎም ቢሆን። ኃላፊው ብቻውን የሚወስን ከሆነ የፈቀደለት የአገሩ ልጅ ነው፣ የከለከለው ቂም ይዞበት ነው መባሉ አይቀርም፤ ይህ ሐሜት ለተማሪውም ለእርስዎም አይበጅም። በፋኩልቲ ደረጃ ቢያንስ አንዲት መምህርት ያለችበት የሦስት ሰዎች ኮሚቴ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ምላሽ ይስጥ። ማስረጃን በተመለከተ ልከኛ ይሁኑ፤ የጤና ጣቢያ ወረቀት ለሕመም ተገቢ ነው፤ መንገድ መዘጋቱን ግን ከተማው ሁሉ እያወቀው ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ ማለት፣ በተለይም የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ራሱ በተዘጋበት ሰሞን፣ ልዩ ሁኔታን በቃል ፈቅዶ በተግባር መከልከል ነው።

አንድ ተማሪ እስኪመረቅ ስንት ጊዜ ማቋረጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰዓት እንዳይወስድባችሁ። ሦስትም ይሁን አራት፣ ገደብ መኖሩ በቂ ነው፤ በልዩ ሁኔታ የተፈቀደው ግን ከገደቡ ውስጥ አይቆጠር።

አሁን ስለ ልጅቷ። በዚያን ዕለት የነበረዎት ደንብ እንዲፈርሙ አልፈቀደልዎትም፤ ቢፈርሙም ኖሮ ሬጅስትራሩ ይመልሰው ነበር። ሆኖም ኤፍ ከተመዘገበ በኋላ የሚሠራ ሥራ የለም ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ይጥሯትና ሁለቱን መስመሮች ለእርሷ በቃል ይሙሉላት፤ ኮርሱ መቼ እንደሚሰጥ፣ እስከዚያ የማትወስዳቸው የትኞቹ እንደሆኑ፣ የተጠራቀመው ጂፒኤዋ ከ2.00 በላይ ለመሆን በሚቀጥለው ሴሚስተር ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት አብራችሁ አስሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፍታ የመጣች ልጅ ይህን ብቻዋን ማስላቷን እጠራጠራለሁ። ቀጥሎ፣ መንገዱ የተዘጋበትን ጊዜ፣ ከክፍል የቀረችባቸውን ቀናትና ቅጹን ይዛ የመጣችበትን ዕለት ጠቅሰው ለአካዳሚክ ኮሚሽኑ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ኤፉ ዘግይቶ በቀረበ የማቋረጥ ጥያቄ እንዲተካላት ይጠይቁ። ኮሚሽኑ ሊቀበልም ላይቀበልም ይችላል። ባይቀበል እንኳ ደብዳቤው በፋይሏ ውስጥ መቀመጡ ከንቱ አይሆንም፤ ምናልባት በሚቀጥለው ሴሚስተር ዲስሚሳል (ከትምህርት መሰናበት) ገጥሟት የሪአድሚሽን (የዳግም ቅበላ) ጥያቄ ብታቀርብ፣ የውጤቷ መውረድ ከችሎታዋ እንዳልነበረ የሚናገርላት ሰነድ እርሱ ነው።

በውሳኔ ሐሳቡ ላይ ግን የእርሷን ጉዳይ በምሳሌነት እንዳያቀርቡ አደራ እላለሁ። ግቢው ጠባብ ነው፤ የ2ኛ ዓመት፣ ከሞጣ አካባቢ የተባለ እንደሆነ ስሟን የማያውቅ አይኖርም። የሚያቀርቡት ክርክር ያለ እርሷም ይቆማል፤ የሚድ ውጤት በስንተኛው ሳምንት እንደተመለሰ ከራስዎ ትምህርት ክፍል ያለፉትን ሁለት ሴሚስተሮች መዝገብ አውጥተው ቢያሳዩ፣ ከማንም ተማሪ ታሪክ ይበልጥ ኮሚሽኑን ያሳምነዋል። ውጤቱ ለባልደረቦችዎ ላያስደስት ስለሚችል የመምህራኑን ስም ትተው ሳምንቱን ብቻ ያስፍሩ።

ደንቡ ሲጸድቅ ማስታወቂያው በሰሌዳ ላይ ብቻ እንዳይቀር፤ በ8ኛው ሳምንት ከሚድ ውጤት ጋር አብሮ በየክፍሉ ይነበብ፣ በክፍል ተጠሪዎቹም የቴሌግራም ቡድን ይላክ፤ የመዝጊያው ቀን፣ ቅጹ የሚገኝበት ቢሮና ቀኑ ያለፈበት ተማሪ የሚያመለክትበት ኮሚቴ በአማርኛም ይጻፉበት። ለውጡም በመካሄድ ላይ ባለ ሴሚስተር መካከል እንዳይጀመር ያድርጉ፤ ተማሪው የተመዘገበው በአሮጌው ደንብ ከሆነ በአሮጌው ደንብ ይጨርስ፤ አዲሱ ደንብ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ጀምሮ እንዲጸና በመሸጋገሪያ አንቀጹ ላይ ያስጽፉ።